የፊታውራሪ ድርሻ

ምላሷ እንደ ሳማ የሚለበልብ አንዲት ባልቴት ነበረች። ድሃ ናት፤ ሆኖም ከመንደሩ ቅኔ ቤት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጇ የሚቆመውን ተማሪ ቁራሽ ሳትሰጥ አትመልስም። ጎረቤቶቿም እንደዚያው ናቸው። መምህሩ የኔታ ልሳነወርቅ ለመጣው ሁሉ ያስተምራሉ፣ መንደሩ ያበላል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ አስናቀ ሕዝቡን ሰበሰቡ።

«ቅኔ ቤቱ ያለው በእኔ መሬት ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የኔታ የሚያስተምሩት ልጄን ብቻ ነው፤ ሌላው ተማሪ ይበተን። ‹ትምህርቱ የእኔም ነው› የሚል ካለ ይነሣና ድርሻውን ያሳየኝ!» አሉ።

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። ሕዝቡም የፊታውራሪን አሽከሮች ጅራፍ እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ባልቴቲቱ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«የእኔም ነው፣ ጌታዬ።»

«ፊደል እንኳ ያልቆጠርሽ ሴትዮ፣ በምን ድርሻሽ?»

«በቁራሼ ነዋ! የኔታስ ቢሆኑ ተማሪ ሳሉ ያደጉት ከየቤታችን በወጣ ቁራሽ አይደለም? እንጀራውን አብረን አወጣን፣ ትምህርቱንም አብረን እንካፈላለን። አይሆንም ካሉ ግን ሁሉም ከቤቱ ባወጣው ልክ ይውሰድ። ተማሪ ደጅዎ በቆመ ቁጥር ከግቢዎ የሚወጣው ውሻ ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅዎ ቅኔውን ለእኛ ይተውና መጮህ ይማር።»

በማግሥቱ ቅኔ ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቶ ዋለ፤ የፊታውራሪ ውሾችም ታስረው ዋሉ።