«እኔ ጋ ይሠራል» ያለው ሰው

አንድ ድረ ገጽ ሠሪ ነበረ። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝነቱንም አሳምሮ ያውቃል።

የዓይን ሞራ በነፃ የሚያክሙ እንግዳ ሐኪሞች ወደ ከተማው ሊመጡ ሆነና፣ የሚቀበላቸው ክሊኒክ የምዝገባ ገጽ አሠራው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይከፈታል፣ በአራት ይዘጋል። ሰውየው በራሱ ኮምፒውተር ደጋግሞ ሞከረው። በሁለት ተከፈተ፣ በአራት ተዘጋ። ደስ እያለው ሰርቨር ላይ ጫነው፤ ሁላችን ከያለንበት ገጹን የምናገኝበት፣ ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ማለት ነው።

ማክሰኞ በሁለት ሰዓት ሕዝቡ ስልኩን ከፈተ። ምን አገኘ? «ምዝገባው ተዘግቷል።»

የክሊኒኩ ነርስ፣ ሲስተር ብዙነሽ፣ ደወለችለት። «ኧረ ምን ጉድ ነው? እዚህ እማማ የሺመቤት የሚባሉ እናት በልጃቸው ተመርተው መጥተዋል። የልጅ ልጃቸውን መልክ አያውቁትም። ገጽህ ገና በጠዋቱ ተዘግቷል ይላቸዋል።»

«እኔ ጋ ይሠራል» አላት።

ለሰርቨሩ ባለቤቶች ቆጣ ያለ ደብዳቤ ጻፈ። የኛ ሰርቨር ደህና ነው ብለው በትሕትና መለሱለት። እሱም «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ደገመላቸው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አይደል የሚባለው?

ረቡዕ ከሰዓት ሲስተር ብዙነሽ ቢሮው ድረስ መጣች። የቀረው ሐሙስ ብቻ ነው፤ እሱ ካለፈ እማማ የሺመቤት ሐኪሞቹን አያገኟቸውም። ኮምፒውተሩን አየች፣ ስልኳን አየች።

«ወንድሜ፣ የኔ ስልክ ሦስት ሰዓት ይላል። ያንተ ኮምፒውተር እንዴት ዘጠኝ አለ?»

«ባገራችን አቆጣጠር እንዲሆንልኝ እኔው ነኝ የሞላሁት። የፈረንጅ ሰዓት ማስላት ይሰለቸኛል።»

«የሰርቨሩንስ ማን ሞላልህ?»

ሰውየው አፈረ። ቀጥሎ ሳቁ አመለጠው። ገጹ ለካ ያረፈበትን ኮምፒውተር ሰዓት እያየ ነው የሚከፈተው! የባሕር ማዶው ሰዓት አራት ሲል ደግሞ እኛ ጋ ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ማክሰኞም ተከፍቶ ነበር፤ ግን ሰው ሳይነቃ ተከፍቶ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋ። ለዓይን ሕሙማን የሚሠራው ሰው፣ ከዓይኑ ሥር ያለውን ሰዓት አላየም።

ያንኑ ቀን አስተካከለው። ሐሙስ በሁለት ሰዓት ተከፈተ፤ እማማ የሺመቤት ሦስተኛ ሆነው ተመዘገቡ። ታክመው የዓይናቸው ፋሻ ሲፈታላቸው ሕፃኑን ትክ ብለው አዩና «አፍንጫው የኔ ነው እኮ» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ሰነፍ ነበር? አልነበረም። ዋሸ? አልዋሸም፤ እሱ ጋ በእርግጥ ይሠራል። ጥፋቱ ሰዓቱን ለራሱ በሚመቸው ሞልቶ፣ ዓለሙን ሁሉ በዚያ መለካቱ ነው።

እናንተስ? ትዕግሥታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ይሠራል። ታክሲ ሰልፍ ላይስ? ፍቅራችሁ እዚህ አጠገባችሁ ከተቀመጠው ጋር ይሠራል። ከአማታችሁስ ጋር? ሳይሠራ ሲቀር ለማን ነው ቆጣ ያለ ደብዳቤ የምትጽፉት? ለባላችሁ? ለሚስታችሁ? ለጎረቤት?

እኔንም አትለፉኝ። የኔ ስብከት በኔ ሰዓት ሁልጊዜ አጭር ነው። ሕፃን ያቀፉት እናቶች ግን ሌላ ይነግሩኛል፤ አሁንም አንዷ በዓይኗ እየነገረችኝ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው ጠይቁ፤ «አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» በሉት። መልሱንም ሳትቆጡ ስሙ። ሰዓታችንን የሚያስተካክል አምላክ ይርዳን፤ እኔም በእናንተ ሰዓት እዚህ ላይ ላብቃ።