ደብዳቤውን የቆረጠው መስመር

ተረት ይዣለሁ፣ ጆሮ ያለው ያውሰኝ።

ትንግርት የምትባል ልጅ ነበረች። ወንድሟ ይትባረክ ወርቅ ሊቆፍር ድንበር ተሻግሮ ሄደ። ጉድጓዱ ተደረመሰ የሚል ወሬ መጣ፤ ከወሬው ኋላ ደግሞ ከጓደኛው ኢሜይል መጣ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የእኛን ፊደል ስለማያውቅ ጓደኛው በእንግሊዝኛ ነበር የጻፈው። «ስለ ይትባረክ ልንገራችሁ» ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። እናቷ ዘርፌ እርሟን አላወጣችም። ቁርጡን ሳላውቅ በቁሙ አላለቅስለትም ብላ በየማታው የራቱን ድርሻ ታስቀምጥለታለች። ትንግርት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ የደብዳቤውን መጨረሻ።

ወደ ደብዳቤው ሄደችና ጨርስልኝ አለችው። እኔስ ሙሉ ነበርኩ፣ ድንበሩ ቆረጠኝ አላት።

ወደ ድንበሩ ሄደች። «ደብዳቤው አልጨርስ አለ፤ አንተ ተነስ።» ድንበሩም እንዲህ አላት፦ «እኔ የደብዳቤው አንድ መስመር ነኝ እንጂ ድንበር አይደለሁም። የሰው ሁሉ ደብዳቤ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ተቀጣጥሎ ይቀመጣል። ‹ፍሮም›፣ በእኛ ‹ከ›፣ ብሎ የሚጀምር መስመር ሲመጣ አዲስ ደብዳቤ ጀመረ ማለት ነው። እኔም በዚያው ቃል ጀመርኩና አንባቢው ድንበር አደረገኝ።»

ኢሜይል ወደሚያነበው ፕሮግራም ሄደች። «ደብዳቤው አልጨርስ አለ፣ ድንበሩ አልነሳ አለ፤ አንተ እለፈው።» አንባቢውም «መስመሩ ተራ የደብዳቤ መስመር ቢሆን ኖሮ ራሱ ላይ ትንሽ የቀስት ምልክት ይደረግለት ነበር» አለ። ያን ቀን ቀስቷን ማድረግ ተረስቷል። ያለ ቀስት አላልፍም አለ።

ወደ ቀስቷ ሄደች። «ደብዳቤው አልጨርስ አለ፣ ድንበሩ አልነሳ አለ፣ አንባቢው አላልፍ አለ፤ አንቺ ተቀመጪበት።» ቀስቷም ፋይሉ ሳይከፈት በየት ልግባ አለች።

ወደ ፋይሉ ሄደች። «ደብዳቤው አልጨርስ አለ፣ ድንበሩ አልነሳ አለ፣ አንባቢው አላልፍ አለ፣ ቀስቷ አልቀመጥ አለች፤ አንተ ተከፈት።» ፋይሉም ቁልፌ አቶ ምሕረቱ ዘንድ ነው አላት።

አቶ ምሕረቱ የአካባቢው ኢሜይል ሁሉ የሚደርስበትን ኮሌጅ ኮምፒውተሮች የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ትንግርት በራፉ ላይ ቆመች። «ደብዳቤው አልጨርስ አለ፣ ድንበሩ አልነሳ አለ፣ አንባቢው አላልፍ አለ፣ ቀስቷ አልቀመጥ አለች፣ ፋይሉ አልከፈት አለ፤ እርስዎ ይክፈቱልኝ።»

አቶ ምሕረቱ ሳቁ። የአገሩ ሰው ደብዳቤ ያለበትን ፋይል ለአንድ መስመር ብዬ ልነካ፣ አንዱን ከሌላው ባቀላቅለው ቁም ስቅሌን ሊያሳዩኝ አሉ።

«ጋሼ፣ እናቴ ማልቀስ አልቻለችም» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

ሳቃቸው ቀረ። «ሞቷል ቢልስ፣ ልጄ?»

«ይበል።»

አቶ ምሕረቱ ከፈቱ። ፋይሉ ተከፈተ፣ ቀስቷ ገብታ መስመሩ ራስ ላይ ተቀመጠች፣ አንባቢው አለፈ፣ ድንበሩ ተራ መስመር ሆነ፣ ደብዳቤው ጨረሰ።

«ከዚያ ጉድጓድ ማንም አልወጣም። ልናወጣቸው ሞክረን አፈሩ አሸነፈን። መቃብራቸው እዚያው ነው። ይቅር በሉን።»

ትንግርት ቤቷ ገብታ ለእናቷ ቃል በቃል ነገረቻት። ዘርፌ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሰጠቻት።

«አዘቅዝቂና አልብሺኝ» አለች።