ስሙ ያልታወቀው የአንጓች ተክል

ዓይኑ ከላይ ከላይ ብቻ የሚሮጥ ሰው ሲያጋጥመን የምንላት አንዲት አባባል አለችን። ሁሉም ይላታል፤ ከማን ጓሮ እንደወጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የወጣችው ከአንጓች ጓሮ ነው።

የአንጓች ባል ስንሻው ሲራራ ነጋዴ ነበር። ከከፋ በተመለሰበት በመጨረሻው ጉዞው አንድ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና ከጓሮው ዋንዛ ጥላ ሥር ተከለው። ምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ "ሲያፈራ ራስሽ ታውቂዋለሽ" ብሎ ሳቀባት። ተክሉ ሳያፈራ እሱ ሞተ።

ተክሉ ሰው አክሎ ቆመ። ጎረቤት እየመጣ ያየዋል። ዝንጅብል ነው ብለው ቢቆፍሩት ዝንጅብል የለውም። አንጓች ግን በበጋ ውኃ እየቀዳች ታጠጣዋለች። ልጅ አልወለዱም፤ ከስንሻው የቀራት እሱ ብቻ ነበር።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ቢተው ደግሞ ሁሉን ዐውቃለሁ ባይ ነው።

"አረም ነው። ነቅዬ ጌሾ ልትከልበት" አላት።

"ተዉት፣ አያ ቢተው። ወንድምዎ አረም ተሸክሞ ያን ሁሉ አገር አያቋርጥም።"

"ይኸ አፍርቶ ካየሁማ፣ ዕድሜ ልኬን ቅመምሽን እኔ እወቅጥልሻለሁ!"

በዚያ አገር ወንድ ሙቀጫ ፊት ከታየ መሳቂያነቱ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። የንስሐ አባታቸው አባ ተገኘ ይህን ሰምተው፣ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ቢተው" አሉ። ለፍልሰታ ጾም ታይቶ ፍሬ ከሌለው እንዲነቀል ተስማሙ።

ቀኑ ደረሰ። ቢተው ዶማውን ይዞ ገባ። አንገቱን አስግጎ ቅጠሉን እየገለጠ፣ ግንዱን እየዞረ ሽቅብ ፈለገ።

"የታል ፍሬው?" እያለ መሬቱን ይረግጣል። አንጓች እንባዋ መጣ።

ዓይናቸው የደከመው አባ ተገኘ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ድንገት ፊታቸው ተለወጠ።

"በጾም ቅቤ የሚያነጥር ማነው?"

"ኧረ ማንም የለም፣ አባ።"

"እንዴት የለም? ኮረሪማው ይሸተኝ የለም እንዴ!"

አንጓችም ሸተታት። ኮረሪማን ከገበያ ደርቆ እንጂ በሕይወት ሲበቅል አይታው አታውቅም። ጎንበስ ብላ የረገፈውን ቅጠል ገለጠችው። ከግንዱ እግር፣ አፈሩ ላይ፣ ቀያይ ፍሬዎች ተደርድረዋል። አንዱ ከቢተው ተረከዝ ሥር ፈርጧል፤ ውስጡ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወቅጠው ያ ዘር ነው።

"ስንሻው፣ ዐወቅሁት" አለች፤ ከዚያም መንደሩ እስኪሰማ እልል አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ቢተው ዶማውን ጥሎ ውስጥ እግሩን ያያል።

ፍሬው ደርቆ ለመስቀል ደረሰ። መንደርተኛው አጥር ላይ ተንጠላጥሎ፣ ቢተው ዘነዘና ይዞ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲወቅጥ ያያል። አንጓች አጠገቡ ቆማ፣ "ይላም፣ አያ ቢተው፣ ገና አልላመም" ትለዋለች። አባ ተገኘ በዚያ ሲያልፉ የዘነዘናውን ድምፅ ሰምተው ቆሙ፤ ማን እየወቀጠ እንደሆነም ሲነግሯቸው እስኪበቃቸው ሳቁና፣ "እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሽቅብ ያየ ኮረሪማ ረገጠ" አሉ።