ያልገባው ፈራጅ

አንድ ቢተው የሚባል ገበሬ ነበር። በአገሩ ሰው ሲገደል ነገሩን የሚያዩት ከሕዝቡ የተመረጡ ፈራጆች ናቸው፤ ከዕለታት አንድ ቀን ዕጣው ለእሱም ደረሰው። በዚያ አገር ፍርድ የሚሰጠው ከታናሽ ወደ ታላቅ ነው። ታናሹ የታላቁን ፊት እያየ እንዳይፈርድ ተብሎ የተሠራ መልካም ሥርዓት ነው። በዕድሜም በማዕረግም ታናሹ ቢተው ስለነበር፣ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ሆነ።

የተከሰሰችው ዘርፌ የምትባል ጠጅ ጣይ ናት። አንድ ነጋዴ እቤቷ ጠጅ ሲጠጣ አምሽቶ ሞተ፤ በመርዝ ገደለችው ተባለች። ከተፈረደባት የሚጠብቃት ስቅላት ነው።

ለምስክርነት የንጉሡ መድኃኒት አዋቂ ተጠራ። ስለ ሐሞት፣ ስለ ደም፣ ስለ ሥርና ስለ ቅጠል ጠባይ በረጅሙ አስረዳ፤ ግማሹን በግእዝ። አንድ ባለማዕረግ ፈራጅ ገብቶኛል በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ ከጎኑ ያለው እሱን አይቶ ነቀነቀ። ቢተው አንዲት ቃል አልገባውም። ግን ብቻውን ደንቆሮ እንዳይመስል አብሯቸው ነቀነቀ። መቼም ይሉኝታ ክፉ ነው፣ ሰው ያሰቅላል።

ፍርድ የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰና ቢተው ተነሣ። “ገድላለች፣ ትሙት” ብሎ መቀመጥ ቀላል ነበር፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ዘርፌን ቀና ብሎ ሲያያት ግን ሐሳቡን ለወጠ።

“ጌታዬ፣” አለ ወደ አዋቂው ዞሮ፣ “የተናገሩት አልገባኝም። በዚች ሴት ላይ ከመፍረዴ በፊት በእኔ ቋንቋ ይንገሩኝ። መርዙን የጨመረችው እሷ መሆኗን በምን ዐወቁ?”

ሸንጎው ሳቀ። አዋቂው ግን አልሳቀም።

“እሱንማ አላልኩም” አለ። “ብርሌው ውስጥ መርዝ ነበር፤ ሰውዬውን የገደለውም እሱ ነው። ይህን አውቃለሁ። ማን እንደጨመረው ግን ዕውቀቴ አይነግረኝም። ብትጠይቁኝ ኖሮ ቀድሜ በነገርኳችሁ።”

ሳቁ ቆመ። የሸንጎው ሰብሳቢ የሆነው ሽማግሌ ሌሎቹን ፈራጆች ከምስክርነቱ ምን እንደተረዱ በየተራ ጠየቃቸው፤ ሁሉም እንዳልገባቸው አመኑ። ነገሩ እንደገና ሲመረመር በዚያ ምሽት ከነጋዴው ጋር ሌሎች ጠጪዎች እንደነበሩ ታወቀ፤ መርዙን ማን እንደጨመረ ያየ ግን አልተገኘም። ዘርፌ ተለቀቀች። ገዳዩ ሳይታወቅ ቀረ፤ ይህም ቢተውን ዕድሜ ልኩን ሲከነክነው ኖረ። ቢሆንም ባልገባው ነገር ሰው አላሰቀለምና እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ያ መልካም ሥርዓት በፍርዱ ሰዓት ቢተውን ከታላላቆቹ ፊት ጠብቆታል፤ ከሁሉም ቀድሞ ከተናገረው ከአዋቂው ፊት ግን አልጠበቀውም። አዋቂን መስማት ይገባል። አዋቂ ግን የሚያውቀውን ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም፤ ፍርዱም ኃጢአቱም የሰሚው ነው። መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ይባላል። ሊቅ ባያደርግ እንኳ ነፍሰ ገዳይ ከመሆን ያድናል።

እናንተስ፣ ሳይገባችሁ ራሳችሁን በነቀነቃችሁበት ቀን፣ ፍርዳችሁን እየጠበቀ ፊታችሁ የቆመው ሰው ማን ነበር?