ታሪኩን በጋሪ የመለሰው ሰው

አንድ የታሪክ ማኅበር በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። ታሪክ ሞልቶታል፤ ቤት ግን የለውም። ከተማዋን የቆረቆሩት ሰዎች ደብዳቤ፣ የመጀመሪያው ዳኛ ወንበር፣ የድሮ የገበያ ሚዛን፣ የአያቶች ፎቶግራፍ፣ በጠቅላላው አርባ እቃ አለው። ሁሉንም ቤተሰቦች ናቸው "ለልጅ ልጅ ይቀመጥልን" እያሉ ያስረከቡት። የተረከቡት ደግሞ ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ጋሽ ዘርጋው እቃውን ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ወደ ጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ አንድ ወፍጮ ቤት ሲያዞሩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላቸው። ወፍጮ ቤት ከገባ ወዲህማ ጠይሙም ቀዩም አያት ዱቄት ለብሶ አንድ መልክ ሆነ።

ማኅበሩ ተኝቷል እንዳይባል በየሦስት ወሩ ይሰበሰባል። አንዱ ተነሥቶ "ታሪኩን የማያውቅ ሕዝብ ሥር እንደሌለው ዛፍ ነው" ይላል፤ ይጨበጨባል። ሌላው ተነሥቶ ያንኑ ይደግማል፤ እንደገና ይጨበጨባል። ሦስት ጊዜ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል፤ ሦስት ጊዜ ሪባን ተቆርጧል፤ ሦስት ጊዜ ሥጋ ተበልቷል። አንዱ ድንጋይ ዛሬ ልብስ ይታጠብበታል። ሁለተኛው ላይ ፍየል ይወጣበታል። ሦስተኛው የት እንዳለ የሚያስታውስ የታሪክ ማኅበር አባል የለም።

አንድ ሰኔ ላይ የወፍጮው ባለቤት "አዲስ ወፍጮ ላስገባ ነውና በአምስት ቀን ውስጥ ያንሡልኝ" አላቸው። ዝናቡ ጀምሯል። ጋሽ ዘርጋው እያለከለኩ ወደ ስብሰባው ሄዱ።

"ይህ ወረቀት አንድ ክረምት ውጭ ካደረ አለቀለት" አሉ። "ዛሬውኑ ቤት ስጡኝ!"

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጋሼ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እናቋቁምና..."

"ኮሚቴውን የሚያጠናውስ ኮሚቴ?" አሉ ጋሽ ዘርጋው። በመስኮቱ አሻግረው የእድሩን መጋዘን አመለከቱ። በድንጋይ የተገነባ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ቁልፍ ያለው ነው። "ለድስቱና ለድንኳኑ በአንድ በጋ ቤት የሠራነው እኛው አይደለንም እንዴ?"

"ድስትማ ያስፈልጋል ጋሼ፣ ሰው ይሞታል!"

"የሞተው ሰውስ የት ይደር?"

ሊቀመንበሩ ድምፅ አሰጡ፤ ሁሉም እጁን አወጣ። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ጋሽ ዘርጋው በገኑ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው! በማግስቱ ጋሪ ተከራይተው አርባውን እቃ ለየባለቤቱ ማደል ጀመሩ። እያንዳንዱን ሲያስረክቡ እንባቸው ይመጣል። እቃው ከተበተነ ተመልሶ እንደማይሞላ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ምን ያድርጉ? በየደጁ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። "አያትህን ተረከበኝ ልጄ፤ እኔ ደከመኝ።"

ወር ሳይሞላ ከተማው ተንጫጫ። በር የሚያክል የአያታቸው ፎቶ የደረሳቸውን ሊቀመንበር ሚስታቸው "ከሶፋውና ከአያትህ አንዱን ምረጥ!" አለቻቸው። ነጋዴው ሚዛኑን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቢያስቀምጠው ደንበኛ ተሰናከለበት። የቆርቋሪዎቹን ደብዳቤ የተረከበችው ሴትዮ ደግሞ ጣሪያዋ ያፈስ ስለነበር ደብዳቤው በአንድ ሌሊት ዝናብ ሊጥ ሆነ።

ያኔ ነው ሰው ሁሉ ጋሽ ዘርጋው ደጅ የተሰለፈው። "ጋሼ፣ በፈጠረዎ፣ መልሰው ይውሰዱልን!"

"በባዶ እጅ አልቀበልም" አሉ። "እቃውን የሚያመጣ ከነቆርቆሮው ያምጣ። ቆርቆሮ ያጣ ድንጋይ፣ ድንጋይ ያጣ ጉልበቱን።"

እድሩ ከመጋዘኑ ጎን ቦታ ቆርሶ ሰጠ። ክረምቱ ሲወጣ ግንባታው ተጀመረ፤ የገና በዓል ሳይደርስ አለቀ። ደብዳቤው የጠፋባት ሴትዮ የምትመልሰው ነገር ሳይኖራት ሁለት ቆርቆሮ ተሸክማ መጣች፤ እያለቀሰችም አስረከበች። ነገር ግን በጋሪ ከወጡት አርባ እቃዎች የተመለሱት ሠላሳ አንድ ብቻ ነበሩ፤ ዘጠኙ በየቤቱ ጠፍተው ቀርተዋል።

የምረቃው ቀን ሊቀመንበሩ ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ባዶ ምስማሮች አዩ።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን ሊሰቀል ነው?"

"ተሰቅሏል እኮ" አሉ ጋሽ ዘርጋው። "እነዚህ ስንሰበሰብ የጠፉት ናቸው።"

የሁሉም የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ሁላችንም እንወደዋለን፣ ሁላችንም እናወድሰዋለን፤ ጭብጨባ ግን ከዝናብ አያስጥልም። ሸክሙ በየቤታችን ካልገባ በቀር ክብደቱ አይሰማንም፤ እስኪሰማን ድረስ ደግሞ የሚጠፋው ይጠፋል። እናንተስ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ የደገፋችሁት፣ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ቆርቆሮ ያላዋጣችሁለት ነገር የትኛው ነው?