ተራውን የለቀቀው መልእክተኛ

አንድ ሰው ነበረ። በአንድ ከተማ ታችኛው ሰፈር የሚኖር ልብስ ሰፊ ነው። «ለሰው ማዘን ጥፋት ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝን በእሱ ታሪክ ልመልስልህ። መልሱ ሙሉ ስለመሆኑ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ይህን ሰው ሰፈሩ ሁሉ ይወደው ነበር። ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

በዚያ ሰፈር ለመቶ ሠላሳ አባወራ የነበረው አንድ ቦኖ ብቻ ነው። ውሃ የሚለቀቀው በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ሲሆን፣ የሚቆየውም ለሦስት ሰዓት ያህል ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልደረሰው ሰው ጀሪካኑን ይዞ ገደሉን ይወርድና ከወንዝ ይቀዳል። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ በክረምት ደግሞ ያዳልጣል።

አንድ ጊዜ የከተማው አስተዳደር ነዋሪውን ለበጀት ውይይት ጠራ። በመጪው ዓመት ምን ይሠራ፣ የትኛውስ ይቅደም የሚለውን ሕዝቡ ራሱ ይናገር ተባለ። ነገር ግን ስብሰባው የተጠራው ለታችኛው ሰፈር ውሃ በሚለቀቅበት ጠዋት ነበር። ሰዎቹ ተማከሩ። ሁሉም ቢሄዱ ጀሪካኑ ባዶ ይቀራል፤ ማንም ባይሄድ ሰፈሩ ይረሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ለመላክ ተስማሙና ልብስ ሰፊውን መረጡ። «እሱን የሚጠላ የለም፤ ይሰሙታል» አሉ።

ከጎረቤቶቹ መካከል እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ፣ የሰው ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ መበለት ነበሩ። ጠርተው እንዲህ አሉት፦ «አደራህን፣ ሁለተኛ ቦኖ በል። ሌላ ነገር እንዳትቀላቅልበት። ጉልበቴ ከእንግዲህ ለዚያ ገደል አይሆንም።»

«እትዬ፣ ለዚህ ይጠራጠሩኛል?» አላቸው።

«አንተን አልጠረጥርም። ሆድህን ነው የምጠረጥረው፤ ቶሎ ይባባል።»

ሰውየው ተጠንቅቆ ተዘጋጀ። ከቦኖው እስከ መጨረሻው ቤት ያለውን ርቀት በእርምጃ ለካ። ከወንዝ የሚቀዱትን ቤቶች ለይቶ ቆጠረ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጽፎ አራስ ለነበረችው ሚስቱ ሁለት ጊዜ አነበበላት።

በጠዋቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንዱ የመንገድ መብራት አለ፤ አንዷ ለገበያው ጣሪያ ጠየቀች። አንድ ሀብታም ነጋዴ በከተማው መግቢያ ትልቅ በር ይቁም ብሎ ብዙ ተጨበጨበለት። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና «ሁለት ሰው ብቻ እንጨምራለን» አለ። ከሁለቱ አንደኛው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ነበር።

ሽማግሌው ተነሡ። ሚስታቸውን ከቀበሩ አርባ ቀን አልሞላም ነበር። «የመቃብሩ ቦታ አጥር የለውም፤ ጅብ ይገባል» አሉ። «ዱላ ይዤ እየጠበቅኋት ነው። እኔም አርጅቻለሁ። እስከ መቼ እጠብቃታለሁ?» ሊጨርሱት አልቻሉም፤ ተቀመጡ። 

ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። ሽማግሌው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። ከዚያ እንባ አጠገብ ቆሞ ስለ ቧንቧ ማውራት ነውር መሰለው። ወረቀቱን አጠፈው።

«የአባታችንን ሃሳብ እደግፋለሁ» አለ። «ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

ሰዉ አጨበጨበለት፤ ሽማግሌውም እጁን ይዘው መረቁት። ጸሐፊዋ በቃለ ጉባኤው ላይ «ከታችኛው ሰፈር የቀረበ ጥያቄ፦ የመቃብር አጥር» ብላ ጻፈች።

ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ውሃው ሄዷል። ያን ቀን ከወትሮው ቀድሞ ስለተቋረጠ ከተሰለፈው ሰው ግማሹ እንኳ አልቀዳም። እሱ ደጃፍ ላይ ግን ሁለት ሙሉ ጀሪካኖች ቆመው ነበር። እትዬ ደብሪቱ ተራቸው ሲደርስ «ለእኛ የሄደው ሰው ይቅደም፤ ቤቱ አራስ አለች» ብለው የእሱን አስቀድተው ነበር። የራሳቸውን ሲያስጠጉ ቧንቧው አየር ብቻ ተፋ።

ሰዎቹ ከበቡት። «እህ፣ ምን አሉህ?»

ዋሾ አልነበረምና የሆነውን እንደሆነው ነገራቸው።  ከዚያ አንድ ጋሪ ነጂ «በሉ እንግዲህ ቶሎ ቶሎ እንሙት፤ ማረፊያችን ሊታጠርልን ነው!» አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እትዬ ደብሪቱ ግን «ተዉት፣ ደግ ሰው ነው» አሉና ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወደ ገደሉ አመሩ።

«እትዬ፣ የኔን ይውሰዱ!» ብሎ ተከተላቸው። አንዱን በግድ አስያዛቸው። ነገር ግን አንድ ጀሪካን ለመጠጥ ይሆናል እንጂ የሰው ልብስ አያጥብም። እትዬ ደብሪቱ እስከ ክረምቱ ድረስ ገደሉን ሲወርዱ ሲወጡ ከረሙ። በሐምሌ አዳለጣቸውና ጭናቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልቆሙም።

ልብስ ሰፊው በየጠዋቱ ከወንዝ እየቀዳ ውሃ ይወስድላቸው ጀመር። እሳቸውም ሁልጊዜ «ደግነትህን እግዜር በልጅህ ይክፈልህ» ብለው ይመርቁት ነበር። እሱ ግን ምርቃቱን እስከ መጨረሻው መስማት አይችልም፤ ጀሪካኑን አስቀምጦ ይወጣል።

በዓመቱ ሰፈሩ ያንን ምላሰኛ ጋሪ ነጂ ላከ። ሰብሳቢው «አሳጥር» ሲለው «ሰልፋችን ሲያጥር አሳጥራለሁ» ብሎ የተላከበትን ሳይጨርስ አልተቀመጠም። ሁለተኛው ቦኖም ተሠራ። ለእትዬ ደብሪቱ ቤት ቅርብ ነበር፤ ውሃው ሲወርድ ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙት ነበር።

ልጄ፣ የሽማግሌው ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ ልብስ ሰፊውም ማዘኑን አልነቅፍበትም። ነገር ግን አጥሩንና ውሃውን መመዘን የጉባኤው ሥራ ነበር። የእሱ ሥራ የሰፈሩን ጥም ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ያን ቀን ሁለት ሰዎች ተራቸውን ለቀቁ። እትዬ ደብሪቱ የለቀቁት የራሳቸውን ነው፤ ያ ደግነት ነው። እሱ የለቀቀው የላኩትን ሰዎች ተራ ነበር።

አንተም እንዲሁ ነህ። የምትሠራበት መጋዘን ወዛደሮች የማደሪያቸው ጣሪያ እንደሚያፈስ ለኃላፊው እንድትነግርላቸው ላኩህ። ኃላፊው እናታቸውን ቀብረው የተመለሱ ነበሩና አዘንክላቸው፤ «እግዜር ያጽናዎት» ብለህ ብቻ ወጣህ። አሁን ወዛደሮቹ ሰላምታህን የማይመልሱልህ ለምን እንደሆነ አልገባህም። «ዝም በማለቴ ከማንም የወሰድኩት የለም» አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ምንም አልወሰድክም። አንተ ግን የምታድረው ሌላ ቤት ነው። ዝናቡ የሚወርደው እነሱ ላይ ነው።