ያልታጠበ እግር

አንድ ገበሬ ነበር፤ ቢያድግልኝ ይሉታል። ዓመቱ 1994 ዓ.ም. ነበር። ዝናቡ በሰኔ ገብቶ እስከ ጥቅምት አልወጣም። ቀዩ አፈር ጭቃ ሆኖ ከረመ።

በዚያ አገር በጫማ ማረስ ነውር ነው። «መሬት እናት ናት፤ በእናት ላይ በጫማ አይቆምም» ይላሉ። ጫማ ያለው ሰው ጫማውን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያና ለለቅሶ ያስቀምጣል። ገበያ ሲሄድም በእጁ ይዞት ነው የሚሄደው። ገበያው ዳር ካለው ወንዝ ሲደርስ እግሩን ለቅለቅ አድርጎ ያጠልቀዋል፤ ሲመለስ እዚያው ወንዝ ዳር ያወልቀዋል። ጫማው ቶሎ እንዳያልቅ ነው። እግርም ያልቃል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ቢያድግልኝ ጎበዝ አራሽ ነበር፤ ንግግር አያበዛም። ማታ ከብቶቹ ሲገቡ ቦራ የሚባለውን በሬውን አቁሞ ሰኮናውን ያያል። ጭቃውን በእንጨት ይፍቃል። ጠጠር ካለ ያወጣል፤ ከቆሰለም ቅቤ ይቀባዋል። በሬው ያነከሰ ቀን ቀንበር አይጭንበትም። «በሬ በእግሩ ነው» ይል ነበር። እሱ ግን የራሱን እግር ሳይታጠብ ይተኛል።

ከዚያ ክረምት ዓመታት አስቀድሞ መጀመሪያ እግሩን አሳከከው፤ አቃጠለውም። ቀጥሎ የግራ እግሩ በክረምት እያበጠ በበጋ ይጎድል ጀመር። ከዚያ በበጋም መጉደሉን ተወ። ቆዳው ሻከረ፤ በጣቶቹ መሐል ተሰነጠቀ፤ ሽታም አመጣ። ቢያድግልኝ ምን እንደሆነ አውቋል። በመንደሩ ዳር እንዲህ ያለ እግር ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሰው ከእነሱ ጋር አይበላም፤ ከቤታቸውም አይጋባም። «በዘራቸው አለ» ይባላሉ። ውሃ እንኳ የሚቀዱት ሌላው ቀድቶ ከሄደ በኋላ ነው።

የቢያድግልኝ የመጀመሪያ ልጅ አዝመራ ትባላለች፤ ሃያ ዓመት ሞልቷት ነበር። ከወንዝ ማዶ ያለው አያ ላመስግን ለልጁ ሊያጫት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አዝመራ ልጁን ታውቀዋለች፤ ትወደዋለችም። አባቷ እግሩን የሸሸገው ለዚህ ነው። የእሱ እግር ከታየ የእሷ ጋብቻ እንደሚቀር ያውቃል።

የላስቲክ ቦቲ አመጣ። ሰው ፊት ሲቀርብ ያጠልቀዋል፤ እርሻ ሲወርድ እንደ አገሩ ልማድ ያወልቀዋል። ጭቃ የነካውን እግሩን ሳያጥብ፣ ሳያደርቅ መልሶ ይከተዋል። እግሩ ቦቲው ውስጥ እየቆሰለ ሄደ።

ጎረቤቱ ታረቀኝ ቀልደኛ ነው። አንድ ቀን ከማሳው ድንበር ላይ ቆሞ አየውና «አያ ቢያድግልኝ! እኔ ቦቲ የተሠራው ለጭቃ መስሎኝ ነበር። አንተ ጭቃ ላይ አውልቀህ አጎዛ ላይ ታደርገዋለህ?» አለው።

«የራስህን ፈር ተከተል» አለው ቢያድግልኝ።

ታረቀኝ ሳቀ። የተናገረው እውነት መሆኑን ግን እሱም አላወቀም።

የቢያድግልኝ ሚስት ይታይሽ ነገሩን ታውቃለች።

«ጤና ጣቢያ ሂድ» አለችው።

«እዚያ የሚሰለፈው የኛው ሰው ነው። አንዱ ካየኝ አዝመራ ቀረች።»

«እሺ፣ ብትታጠበውስ? ውሃ ላሙቅልህ?»

«ሰርጉ ይለፍ።»

ሰርጉ የታሰበው ለጥር ነበር።

በጥቅምት አያ ላመስግን ጠራው። ሽማግሌዎቹ ጨርሰዋል። የቀረው ሁለቱ አባቶች አብረው በልተው ቃል ማሰር ብቻ ነበር። ቢያድግልኝ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ፣ ቦቲውን አድርጎ በዝናብ ሄደ።

በዚያ አገር እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም። ቢያድግልኝ ይህን ያውቃል፤ መላም አዘጋጅቶ ነበር። ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደተቀመጠ የአያ ላመስግን እናት እማማ ስንቅነሽ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡ። በዚያ ቤት የእንግዳን እግር የሚያጥበው በዕድሜ ታላቅ የሆነው ሰው ነው። አሮጊቷ በዱላቸው ተደግፈው፣ እያቃሰቱ ተንበረከኩ።

«ቦቲው ይውለቅ፣ ልጄ።»

«ይተዉት እማማ። ቦቲ ስላደረግሁ ጭቃ አልነካኝም።»

«ጭቃ ባይነካህ መንገድ ነክቶሃል። አምጣው።»

«ግዴለም፣ ይተዉት።»

አያ ላመስግን ሳቀ። «እናቴ ጎንበስ ካለች በኋላ ባዶ እጇን አትነሣም። ደግሞስ ምን ያሳፍርሃል? ከአራሽ እግር ሩብ ጥማድ አፈር ቢወጣ ነው!»

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ቢያድግልኝ ግን ሁለት እጁን ቦቲው ላይ ጫነ።

«አልታጠብም አልኩ!»

ሳቁ ቆመ። አሮጊቷ እጃቸውን ከሳፋው አወጡ።

«ቤቴን ንቀኸው ነው?» አለ አያ ላመስግን።

«አልናቅሁም።»

«ታዲያ ምክንያትህን ንገረኛ።»

ቢያድግልኝ ቦቲውን ይበልጥ አጥብቆ ያዘ።

«ለመታጠብ እግርህን የነፈግኸኝ ሰው፣ ልጅህን እንዴት ትሰጠኛለህ?» አለ አያ ላመስግን።

ቢያድግልኝ ተነሥቶ ወጣ። ማዕዱ አልቀረበም፤ ቃሉም አልታሰረም።

የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ ከኋላው የዱላ ድምፅ ሰማ። እማማ ስንቅነሽ ነበሩ። ዝናቡ እየመታቸው ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው አንድ እግራቸውን አሳዩት። እግራቸው ከሌላ ሰው እግር ይወፍራል፤ ጠባሳም አለበት። ነገር ግን ንጹሕ ነው፤ ቆዳው ለስልሷል፤ ካልሲና ጫማም አለበት።

«ስትገባ አረማመድህን አይቻለሁ» አሉት። «እኔም እንዲያ ነበርኩ። የገዛ ዘመዶቼ ይሸሹኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነው ያወቅሁት። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ባዶ እግር ይህን ቀይ አፈር ለዓመታት ሲረግጥ የሚመጣ ነው። አሁን በየቀኑ በሳሙና አጥበዋለሁ። በጣቶቼ መሐል አደርቀዋለሁ። ቅባት እቀባዋለሁ። ስቀመጥ ከፍ አደርገዋለሁ። ያለ ጫማ ደጅ አልወጣም። እንደ ድሮው አልሆነም፤ አልዋሽህም። ግን እብጠቱ ጎደለ፤ ቁስሉና ሽታውም ሄደ። ውሃ የሚያሞቅልኝ ላመስግን ነው።»

ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ። «ታዲያ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«አንተ ምላስ የለህም? ልጄን ያስቆጣው እግርህ አይደለም፤ እሱንማ አላየውም። ሳፋው አልተደፋም፤ ውሃውም ገና አልቀዘቀዘም። ተመለስና እግርህን ክተት።»

ቢያድግልኝ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው ይመለከቱታል።

«ሌላ ቀን» አለ። መንገዱንም ቀጠለ።

ያ ሌላ ቀን አልመጣም።

ሰው የፈረሰ ጋብቻ ሲያይ ምክንያት ይፈልጋል፤ ካጣ ደግሞ ይፈጥራል። «ልጅቷ አንድ ነገር ቢኖርባት ነው። አባቷ መናገር አፍሮ ወጣ» ተባለ። ወሬው ከወንዝ ማዶ ተነሥቶ ወዲህ ተሻገረ። ጓደኞቿ አዝመራን ሲያዩ ጨዋታ ያቋርጡ ጀመር።

«አባባ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችው።

«ምንም አላጠፋሽም።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይሉኛል?»

ቀንበሩን አንሥቶ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከእርሻ ሲመለስ ወንዝ ዳር አያት። እንስራዋን ይዛ ከቁጥቋጦ ጀርባ ቆማለች። ሌሎቹ ሴቶች ቀድተው እስኪሄዱ እየጠበቀች ነበር። ቢያድግልኝ እርፉን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ቆመ። በራሱ ላይ ይደርሳል ብሎ የፈራው ነገር፣ እግሯ ደህና በሆነው ልጁ ላይ ደርሷል። ለእሷ ሲል ሸሸገ፤ የሸሸገው ግን እሷን በላት።

እዚያው ወሰነ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ለሰንበቴ ሲቀመጥ ቢያድግልኝ ውሃ በጀሪካን፣ ሳሙናና ሳፋ ይዞ መጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቦቲውን አወለቀ።

«አያ ላመስግን ቤት እግሬን ሊያጥቡኝ ጠየቁኝ፤ ከለከልኩ። ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ልጄ እንከን የለባትም። እኔ ነኝ የሸሸግሁት።»

አንዳንዱ አፍንጫውን በነጠላው ያዘ። ስንት ዘመን አብሮት የበላ ሰው ጽዋውን አንሥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። «ይኸው፣ በዘራቸው አለ ማለት ነው» ያለችም ነበረች። ቢያድግልኝ ሰማ። ሳሙናውን አንሥቶ እግሩን ማጠብ ጀመረ። ታረቀኝ ተነሥቶ መጣ። በዚያ ቀን አልቀለደም። ጀሪካኑን ይዞ ውሃውን አፈሰሰለት።

«ቀስ እያልክ» አለው ቢያድግልኝ።

አዝመራ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያዘነችው ለአባቷ ይሁን ለራሷ፣ የጠየቃት የለም።

በዚያው ሳምንት ቢያድግልኝ ወደ አያ ላመስግን ሰው ላከ። ልጁ ግን ለሌላ ታጭቶ፣ ቃል ታስሮ ነበር። አያ ላመስግን ለተላከው ሰው «ያን ቀን ቢያሳየኝ ኖሮ እኔው ራሴ አጥበው ነበር» ብሎ መለሰለት።

ይህን የሰማ ልብ ይበል። ሰው የበሬውን ሰኮና ያያል፤ ጫማውን እንዳያልቅ ያስቀምጣል፤ የሚሸከመውን እግሩን ግን ይጥላል። እግር በየቀኑ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ይጫማል፤ ሲያም ለሐኪም ይታያል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ የተሸሸገ ሕመም በባለቤቱ ላይ ብቻ እንደማይቀር ማወቅ ነው፤ የሚጎዳው ልንጠብቀው የፈለግነውን ሰው ነው። እኛስ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ማሳየት ሲገባን ለሌላ ቀን ያልነው ምን አለ?

ቢያድግልኝ ጤና ጣቢያ ተሰልፎ ታየ። ከዚያ ቦቲውን አድርጎ አረሰ። መንገደኞች ከዳር ቆመው ሲሰድቡት ፈሩን አልለቀቀም። ማታ የቦራን ሰኮና ካየ በኋላ ውሃ አሙቆ የራሱን እግር አጠበ። ከዚያ ልጆቹን ተራ በተራ ጠርቶ እግራቸውን እያነሣ አየ፤ አጠበም። አዝመራ መጨረሻ ቀረች። እግሯን ወደ ቀሚሷ ውስጥ ሳበች።

«ግዴለም አባባ፣ ይተዉት» አለችው።

አልተቆጣትም፤ አልጎተታትምም። ሳፋውን ፊቷ አስቀምጦ ጠበቃት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ተነሥቶ እንደገና አሞቀውና ተመልሶ ተቀመጠ።